ምራቂው ከዕቃው ሲከብር

በገበያ ሥርዓት ውስጥ ሕግ ሳይደነግገው ልማድ ብቻ ያጸናው አንድ መልካም ነገር ቢኖር ምራቂ ነው። ባለ እህሉ የተስማማበትን ቁና ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ገዢው የስልቻውን አፍ ሳያስር እንደ ከፈተ ትክ ብሎ ሲያየው፣ ከፊሉ ይሉኝታ ከፊሉም ብልኀት በሆነ ስሜት አንዲት እፍኝ ይጨምርለታል፤ ያችን እፍኝ ማንም አይመዝናትም፣ ማንም በዋጋ አይቈጥራትም፣ ይሁን እንጂ ገዢው በሚመጣው ቅዳሜ ብዙውን መደብ እያለፈ ወደዚያው የሚመለሰው ስለ ቁናው ሳይሆን ስለ እፍኟ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ገበያ ወጥቶ «ቁናውን ለራስህ ያዘው፤ እፍኟን ግን በመቶ ሺህ ብር ሽጥልኝ» ቢል፣ ዘመዶቹ በማግሥቱ እጁን ይዘው ወደ ጠበል እንደሚወስዱት አልጠራጠርም። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ጠበል አይወስዱትም፤ ጨረታ አዳራሽ አስገብተው ከፊተኛው ወንበር ያስቀምጡታል።

ይህን የምለው ስለ ቤዝቦል ካርድ ነው። ቤዝቦል አሜሪካኖች ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና ልባቸውን የሰጡት፣ አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ ሊመታ የሚሞክርበት፣ የቀሩትም ሰዎች በሜዳው ላይ ተበትነው በትዕግሥት የሚጠባበቁበት ጨዋታ ሲሆን፣ ካርዱ ደግሞ የተጫዋቹ መልክ የታተመበት ትንሽ ጠንካራ ወረቀት ነው። በ2021 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ቁመቱም 7 ሴንቲ ሜትር የማይደርስ፣ ጥጋጥጉ በእርጅና የተበላ አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት በጨረታ ከ6.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የእርሱው ዐይነት ሌላ ቅጂ ያለ ጨረታ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ፊቱን ስትመለከቱ ጠጕሩን ከመካከል የከፈለ አንድ ኮስታራ ጐልማሳ ታያላችሁ፤ ጀርባውን ስትገለብጡ የምታነቡት የዚያን ጐልማሳ ገድል አይደለም፣ ስዊት ካፖራል የተባለ የሲጃራ ማስታወቂያ ነው። ሲጃራውን ያጨሱት ሰዎች ሁሉ ከነጢሳቸው ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሲጃራው እንዳይጨማደድ የተጨመረችው ወረቀት ግን ዛሬ በብረት ሣጥን ተቈልፎባት ትኖራለች።

የነገሩ ሥር ሲመረመር እንዲህ ነው። አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ከጨረሱ በኋላ ነጋዴዎቻቸው ስማቸውንና ሸቀጣቸውን በትንንሽ ካርድ ላይ አሳትመው ለአላፊ አግዳሚው ማደልን ልማድ አደረጉ፤ በኒው ዮርክ የስፖርት ዕቃ ይሸጥ የነበረው የፔክና ስናይደር መደብርም በ1869 የሲንሲናቲን «ቀይ ካልሲዎች»፣ ማለትም ተጫዋቾቹ ሁሉ በግልጽ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚጫወቱበትን የመጀመሪያውን ቡድን፣ በአንዱ ገጽ ፎቶግራፍ አድርጎ በሌላው ገጽ የራሱን ዕቃ አወደሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩን የወረሱት የትንባሆ ነጋዴዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ሲጃራ የሚታሸግበት ወረቀት ልል ስለ ነበረ፣ አጫሹ ኪሱ ከትቶት አንድ ጊዜ ሲቀመጥ ሲጃራው ሁሉ ይሰባበርበት ነበርና፣ መደገፊያ እንዲሆን ጠንካራ ወረቀት ይገባበት ጀመር፤ ወረቀቱ ከገባ ዘንድም ባዶውን ከሚቀር ሥዕል ቢታተምበት ይሻላል ተባለ። ስለዚህ ዛሬ ሚሊዮኖች የሚፈስሱለት ካርድ የትውልድ ሐረጉ ሲቈጠር መደገፊያ ሆኖ ይገኛል።

በላዩም ላይ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። ጄምስ ቦንሳክ የተባለ ወጣት በ1881 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የሲጃራ መጠቅለያ መኪና በ10 ሰዓት ውስጥ እስከ 120,000 ሲጃራ የሚያወጣ ሆነ፤ በጣታቸው አንድ በአንድ ይጠቀልሉ የነበሩት ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ፊት ምንም አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የነጋዴው ጭንቀት ሲጃራ መሥራቱ መሆኑ ቀርቶ ይህን ሁሉ ሲጃራ የሚያጨስ አፍ መፈለጉ ሆነ። በሪችሞንድ ከተማ የነበረው የአለንና ጊንተር ኩባንያ በ1887 «የዓለም ሻምፒዮኖች» ብሎ 50 ካርድ ባወጣ ጊዜ የቤዝቦል ተጫዋቾቹ 10 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ቡጢኞች፣ ታጋዮች፣ ቀዛፊዎች፣ ቢሊያርድ ተጫዋቾችና ዐላሚ ተኳሾች ሲሆኑ፣ ከተኳሾቹም መካከል አኒ ኦክሊ የተባለችው ስመ ጥር ሴት ትገኝባቸው ነበር። ኦልድ ጃጅ የተባለውን ሲጃራ ይሸጥ የነበረው የጉድዊን ኩባንያ ደግሞ ሥዕል አላረካው ብሎ ከ500 የሚበልጡ ተጫዋቾችን በእውነተኛ ፎቶግራፍ አወጣ።

ስለ እነዚህ ፎቶግራፎች ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ መሣሪያ የሚሮጥ ሰውና የሚበር ኳስ ለመያዝ ስለማይፈጥን፣ ተጫዋቹ የጨዋታ ልብሱን ለብሶ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ይመጣል፤ ኳሱ ከጣሪያ በክር ይንጠለጠልለታል፤ እርሱም ከፍ ብሎ ለተሰቀለው ኳስ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ወይም ዱላውን አንሥቶ፣ ፊቱን እጅግ አክብዶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ከኋላው በቀለም የተሳለ መስክ አለ፤ ከእግሩ ሥር ምንጣፍ አለ፤ ክሩም በአንዳንዶቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ በበኩሌ ስለ ማስታወቂያ ብዙ ሐተታ ያነበብሁ ብሆንም፣ ከዚህች ክር የበለጠ ያስተማረኝ የለም፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሊቃውንት ክሩን መደበቅ ተማሩ እንጂ፣ ኳሱስ ዛሬም የሚንጠለጠለው በክር ነው።

በ1890 ጄምስ ዲዩክ የተባለው ብርቱ ነጋዴ አምስቱን ታላላቅ የሲጃራ ኩባንያዎች አዋሕዶ የአሜሪካን ትንባሆ ኩባንያ ሲያቋቁም ካርዱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከገበያ እየጠፋ ሄደ። ምክንያቱን ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በገበያው ውስጥ አንድ ባለ እህል ብቻ ሲኖር ለማን ብሎ ምራቂ ይጨምራል? ሞኖፖሉ ከመንግሥት ጋር ተካሶ በክርክር ላይ ሳለ፣ ተፎካካሪም ዳግመኛ ብቅ ብቅ ሲል፣ በ1909 ካርዱ ተመልሶ መጣ፤ እስከ 1911 ድረስም በ16 ዐይነት የሲጃራ ስም የታተሙ 524 ልዩ ልዩ ካርዶች ወጡ፤ በዚያው በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያውን እንዲበተን ፈረደበት። ሰብሳቢዎች ዛሬ ያንን የካርዶች ጉባኤ «ቲ-206» እያሉ በአክብሮት ይጠሩታል።

በዚያም ወራት ሕፃናት በትንባሆ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ከውስጥ የሚወጣውን ጐልማሳ ሁሉ «ጌታው፣ ሥዕሉን አይፈልጉትም?» እያሉ መማፀን ያዙ። አጫሹ ሲጃራውን ይዞ ካርዱን ይወረውርላቸዋል፤ አንዳንዱም እቤቱ ያለው ልጁ ስለ ነዘነዘው ብቻ ትናንት ያጨስ የነበረውን ትቶ ሥዕል ያለበትን ይገዛል። ነጋዴው ይህን አላየም ማለት ሞኝነት ነው። ለአባት የታሰበው ማስታወቂያ ልጁን ሲማርክ፣ ልጁም አድጎ አባቱን ሲከተል፣ አንድ ካርድ ሁለት ትውልድ ታበላለች።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሆነስ ዋግነር፣ በሚሊዮኖች በተሸጠው ካርድ ላይ ያየነው ያ ኮስታራ ጐልማሳ፣ ወደ ታሪኩ የሚገባው። ከጀርመን አገር መጥተው በፔንሲልቬኒያ ከሰፈሩ ድኾች የተወለደ፣ በልጅነቱ በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ የሠራ፣ በኋላም የፒትስበርግ ቡድን መመኪያ የሆነ ሰው ነው። የትንባሆው ኩባንያ ሥዕሉን ለማተም ፈቃዱን እንዲያመጣ ጆን ግሩበር ለተባለ የፒትስበርግ የስፖርት ጸሐፊ 10 ዶላር ቃል ይገባለታል፤ ዋግነርም ሥዕሉ ከሲጃራ ጋር እንዳይወጣ መከልከሉን በደብዳቤ አስታውቆ፣ ወዳጁ 10 ዶላሩ እንዳይቀርበት በማሰብ የዚያኑ ያህል ቼክ በደብዳቤው ውስጥ እንደ ላከለት በ1912 ዘ ስፖርቲንግ ኒውስ በተባለው ጋዜጣ ተጽፏል። ኩባንያው ማተሙን አቆመ፤ ነገር ግን ጥቂቶቹ አስቀድመው አምልጠው ነበርና፣ ዛሬ በዓለም ላይ መኖራቸው የታወቀው 60 ያህል ብቻ ናቸው።

ስለ እምቢታው የሰብሳቢዎቹ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንድም፣ ሕፃናት ሥዕሉን ሲሹ ትንባሆ እንዳይለምዱ ብሎ ነው ይላሉ፤ አንድም፣ ገንዘቡ ስላነሰው ነው ይላሉ። የፊተኛውን ትርጓሜ የሚያስቸግረው ዋግነር ራሱ ትንባሆ አኛኪ መሆኑ ነው፤ ይባስ ብሎም በ1940ዎቹ መጨረሻ ሊፍ የተባለው ማስቲካ ሻጭ ባወጣው ካርድ ላይ ሽማግሌው ዋግነር ትንባሆውን ወደ ጕንጩ ሲከት ይታያል። የኋለኛውን ትርጓሜ የሚያስቸግረው ደግሞ ያ ቼክ ነው፤ ገንዘብ አነሰኝ ያለ ሰው ከኪሱ 10 ዶላር አውጥቶ አይልክም። እኔ ለፊተኛው አደላለሁ፤ ራሱ የማይተወውን ነገር ልጆች እንዳይጀምሩት የሚመክር አባት በየቤቱ አለና።

የእምቢታው ዋጋ ግን ከማንም ፈቃድ በላይ ሆነ። ከእነዚህ 60 አንዱን፣ እጅግ ንጹሕ የተባለለትን፣ የበረዶ ሆኪው ጀግና ዌይን ግሬትስኪ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ሆኖ በ1991 በ451,000 ዶላር ገዛው፤ በ2007 ያው ካርድ 2.8 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ2013 ካርዱን አስቀድሞ ይዞት የነበረው ነጋዴ ጥጉ የተሳለ እንዲመስል ጠርዙን እንደ ቈረጠው ለፍርድ ቤት አመነ። ሲጃራ እንዳይሰበር የተቀመጠች ወረቀት ስለት ስለ ነካት ሰዎች ችሎት ፊት መቆማቸውን የቀድሞው አጫሽ ቢሰማ ኖሮ፣ ሲጃራው ከእጁ ይወድቅ ነበር።

ትንባሆው በዚህ ይብቃንና ወደ ጣፋጩ እንለፍ፤ ነጋዴውም እንዲሁ አድርጓልና። ልጁ ሥዕሉን የሚፈልግ ከሆነ ለምን በአባቱ በኩል ይዞራል? ፈንድሻና ለውዝ በስኳር ለብጦ የሚሸጠው ክራከር ጃክ በ1914 በየፓኬቱ ውስጥ አንድ አንድ ካርድ ከተተ፤ ስኳሩ ካርዱን እያቈሸሸ ስላስቸገረ በሚቀጥለው ዓመት 100 ኩፖን፣ ወይም አንድ ኩፖንና 25 ሳንቲም ለላከ ልጅ 176ቱን ካርድ በአንድነት በፖስታ እልካለሁ አለ። 100 ፓኬት ፈንድሻ መጨረስ ለልጁ ከባድ ጥያቄ አልነበረም፤ የከበደው ለሆዱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብልኀቱ የሚደንቀኝ ግን የቦስተኑ የጉዲ ማስቲካ ኩባንያ ነው። በ1933፣ አገሩ ሁሉ በሥራ ማጣት በተጨነቀበት ዘመን፣ ከ1 እስከ 240 ቍጥር የተሰጣቸው ካርዶች በማስቲካ አወጣ። ልጆቹ የአንድ ሳንቲም ማስቲካ እየገዙ፣ እያኘኩ፣ እየተለዋወጡ፣ ከባልንጀራ እየነጠቁ 239ኙን ያገኛሉ፤ 106ኛዋ ግን በአገሩ ሁሉ የለችም። ልጁ ነገ ትወጣለች ብሎ አንድ ማስቲካ ይገዛል፤ ነገም ከነገ ወዲያም አትወጣም፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው አልታተመችም። አቤቱታ የጻፉት ቤተሰቦች ሲበዙ ኩባንያው በ1934 ናፕ ላዦዌ የተባለው የቀድሞ ተጫዋች ያለበትን 106ኛውን ካርድ አሳትሞ ለጻፉት ብቻ በፖስታ ላከላቸው፤ ከደብዳቤው ጋር ያያያዘበት የሽቦ መቈንጠጫ ምልክት እስከ ዛሬ በብዙዎቹ ላይ ይታያል። እንግዲህ ከ240ው ሁሉ ብርቅ ሆና የምትፈለገው ያች በአቤቱታ የተገኘችው ናት። አርፎ የተቀመጠው ልጅ ምንም አላገኘም፤ ከዚህም ደብዳቤ መጻፍ የሚጠቅም መሆኑን እንማራለን።

ይሁን እንጂ ካርዱ የነጋዴ መሣሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ አሜሪካ ጀግኖቼ የምትላቸውን የጻፈችበት መዝገብም ሆነ። መዝገብ ደግሞ በተጻፈው ብቻ ሳይሆን በተዘለለውም ይነበባል። ከእነዚያ 524 የቲ-206 ካርዶች የጀርመኑንም የአየርላንዱንም ስደተኛ ልጅ ታገኛላችሁ፤ ጥቁር አሜሪካዊ ግን አንድ እንኳ አታገኙም። ሞዜስ ፍሊትውድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ ከተጫወተ በኋላ በሩ ተዘግቶ ነበርና፣ የተከፈተው በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ሲሰለፍ ነው። በዚያው ዓመት ቦንድ የተባለው የዳቦ ኩባንያ የሮቢንሰንን መልክ በ13 ካርድ አውጥቶ ማስቲካ ሻጮቹን ሁሉ ቀደማቸው። ነጋዴው ይህን ያደረገው ከጽድቅ የተነሣ ነው አልልም፤ ጥቁሩም ሰው ዳቦ እንደሚገዛ ስላወቀ ነው። ነገር ግን የአገሩ ሕሊና ሳይነቃ የአንዳንዱ ነጋዴ ደብተር አስቀድሞ መንቃቱ በታሪክ የታየ ነው፤ ትርፍ አንዳንዴ ሳያስበው ደግ ሥራ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ወረቀት ከመጥፋት ያዳነው ግን ነጋዴም ተጫዋችም አልነበረም። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሲራክዩዝ ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ጄፈርሰን ቡርዲክ የተባለ ብቸኛ ሰው፣ በቍርጥማት የተጨበጡ ጣቶቹ እያሠቃዩት፣ ሌላው ሰው የሚጥለውን የነጋዴ ካርድ ሁሉ ሲለቅም ኖረ፤ የ19ኛውን መቶ ዓመት ትንባሆ በአንድ ፊደል፣ የ20ኛውን በሌላ፣ ከረሜላውንም በሌላ እየከፈለ ዝርዝሩን ያወጣ፣ «ቲ-206» የሚለውንም ስም የሰጠ እርሱ ነው። ከ1947 ጀምሮ ከ300,000 የሚበልጥ ወረቀቱን፣ ከዚያም ውስጥ ከ30,000 የሚበልጥ የቤዝቦል ካርዱን፣ ለኒው ዮርኩ ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰጠ፤ የታላላቆቹ ሠዓሊዎች የዲዩረርና የሬምብራንት ኅትመት በሚጠበቅበት በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦም በገዛ እጁ በጥራዝ እየለጠፈ ከረመ። ጥር 10 ቀን 1963 የመጨረሻይቱን ለጠፈ፤ በማግሥቱ ሆስፒታል ገባ፤ ከሁለት ወር በኋላ ዐረፈ። ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ የቤዝቦል ግጥሚያ ገብቶ አላየም ይባላል። ካርድ ሰብሳቢዎች አባታችን ይሉታል፤ ልጆቹ ግን በዋጋው ነገር አልተከተሉትም፤ በዝርዝሩ ውስጥ የዋግነርን ካርድ 50 ዶላር ብሎ ተምኖት ነበር፣ በዚያን ጊዜም ያን ያህል መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታይ ነበር።

አሁን የመጨረሻው ምዕራፍ ይመጣል። በብሩክሊን የነበረው የቶፕስ ማስቲካ ኩባንያ ሠራተኛ ሳይ በርገር በ1951 መጸው በቤቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የ1952ቱን ካርድ ነደፈ፤ መልኩን፣ ፊርማውን፣ የቡድኑን ዐርማ በፊት፣ የተጫዋቹን ታሪክና ቍጥር በጀርባ አድርጎ 407 ካርድ አወጣ። የመጨረሻዎቹ ግን የቤዝቦል ወራት ሊያልቅ ሲል ስለ ወጡ የሚገዛቸው ጠፋ። በርገር በሳንቲም አሥር አሥሩን ልሽጥ ቢል እንኳ የሚወስድለት አላገኘም፤ በመጨረሻም በ1960 መጋዘኑን ለማስለቀቅ ሲል በቈሻሻ ጀልባ አስጭኖ ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ራቅ አድርጎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣለው። ከሰመጡት መካከል 311ኛው ሚኪ ማንትል የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች፣ 312ኛው ጃኪ ሮቢንሰን ነበሩ። ከመስጠም ከተረፉት ማንትሎች አንዱ፣ እጅግ ንጹሕ የሆነው፣ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ዋግነርንም በለጠው። ሳይ በርገር ያን ዕለት ውቅያኖሱን የሞላው በወረቀት መስሎት ነበር።

ተጫዋቾቹስ ምን አገኙ? ሲፈርሙ 5 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ 125 ዶላር። በ1966 የተጫዋቾቹ ማኅበር መሪ ሆኖ የተሾመው ማርቪን ሚለር፣ ከብረት ሠራተኞች ማኅበር የመጣ ሰው ነበርና፣ የሰው መልክ ከማስቲካ ባነሰ ዋጋ እንደማይሄድ ያውቅ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ውሉን እንዳያድሱ መክሮ፣ በ1968 ክፍያውን 250 ዶላር፣ ከሽያጩም እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር 8 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 10 በመቶ አስደረገ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ሙግት ግን ከሁሉ ያስቃል፤ ሌላ ኩባንያ ካርድ ማውጣት ይችላል ወይስ አይችልም ተብሎ ሲከራከሩ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1981 ቶፕስ ብቻውን የመሸጥ መብት ያለው ከጣፋጭ ጋር የሚወጣውን ካርድ ነው አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ተፎካካሪዎቹ ማስቲካውን ጥለው አንዱ ከተለጣፊ ሥዕል፣ ሌላው ከእንቈቅልሽ ቍራጭ ጋር ሸጡ። ቶፕስ ራሱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማስቲካው ካርዱን ያቈሽሽብናል የሚለው አቤቱታ ሲበዛበት ማስቲካውን አወጣው። ዕቃው ከገበያ ተባርሮ ምራቂው ብቻውን ነገሠ።

ነገር ግን ምራቂ በዋጋ ሲሸጥ ምራቂነቱ ይቀራል፤ ያን ጊዜም ፍዳው ይጀምራል። የዋግነርንና የማንትልን ዋጋ ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ በ1980ዎቹ መጨረሻ ካርድ በሣጥን እየገዛ፣ ሳይከፍት፣ እጅ ሳያስነካ ማስቀመጥ ያዘ፤ ኩባንያዎቹም የሚያስቀምጥ ሰው እስካለ ድረስ የሚያትም መኪና አላቸውና ያለ ልክ አተሙ። አያቱ የጣለውን የልጅ ልጁ ሊያስቀምጥ ቈረጠ፤ ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ግን ለማን ይሸጣል? በ1994 ተጫዋቾቹ ሥራ አቁመው የዓመቱ ፍጻሜ ግጥሚያ ሲቀር ገበያውም ከነጭርሱ ተንኰታኰተ።

የዚህ ዘመን ትርፍ ወደ ወገኖቻችንም ቤት ገብቷል። በሜሪላንድ የምትኖር የአንዲት ወዳጃችን ልጅ ከጎረቤት የጓሮ ገበያ የ1990ን ካርድ አንድ ሙሉ ሣጥን ገዝቶ፣ የኮሌጅ ክፍያዬ ነው እያለ ከአልጋው ሥር አኖረው። አያቱ ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ መጥተው ኖሮ፣ በፍልሰታ ጾም ክፍሉን ሲጠርጉ ሣጥኑን ያገኙታል፤ ከፍተውም ሲያዩት በፕላስቲክ የታሸገ ካርታ እልፍ አእላፍ ነው። ቁማር በዚህ ቤት፣ ያውም በእመቤታችን ጾም፣ ብለው ከነሣጥኑ ለቈሻሻ መኪና ሰጡት። ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው።

«እማማ! እኮ ሀብቴ ነበር! ለኮሌጅ ያስቀመጥኩት!»

«ልጄ፣ ከካርታ ሀብት ሲገኝ ያየሁት የለም፤ ያለውን ሲያስበላ ነው ያየሁት» አሉት፤ እንጀራ መጋገራቸውንም ቀጠሉ።

አባትየው ተደናግጦ ወደ አንድ ካርድ ሻጭ ዘንድ ሄዶ የጠፋውን ጉዳት እንዲገምትለት ቢጠይቅ፣ ሻጩ በትሕትና ሰምቶት ሲያበቃ፣ ከበሩ ኋላ ተደራርበው እስከ ጣሪያ የደረሱትን ያንኑ የመሰሉ ሣጥኖች አሳየው፤ እናቱ አሁንም እዚሁ ካሉ መጥተው እነዚህንም ቢወስዱለት ምስጋናው የበዛ መሆኑን ነገረው።

በአሜሪካ ካርድ ሰብሳቢ ሽማግሌ ሁሉ እናቱን የሚከስበት አንድ ክስ አለው፤ «ለውትድርና ስሄድ፣ ወይም ትምህርት ቤት ስገባ፣ ክፍሌን አጽድታ ካርዶቼን ጣለችብኝ» ይላል። እኔ ግን ነገሩን ባሰብሁት መጠን እናቶቹ ካሣ ሊጠየቁ አይገባም፣ እንዲያውም ሊከፈላቸው ይገባል እላለሁ። ዲዩክ ካርዱን አተመ፣ በርገር ነደፈው፣ ማንትል ኳሱን መታ፤ ካርዱን ውድ ያደረገው ግን ከእነዚህ ማንም አይደለም፤ ሳታመነታ ጥርግ አድርጋ የጣለችው እናት ናት። ጨረታ ቤቶቹ ከ12.6 ሚሊዮኑ ላይ ዐሥራት አውጥተው ለእነዚያ እናቶች ቢሰጡ ከፍትሕ ውጭ አይሆንም ነበር።

የደብረ ብርሃኗ እማማም ቢሆኑ የሠሩት የጥንቶቹ እናቶች የሠሩትን ነው፤ ጥፋታቸው ብቻቸውን መሆናቸው ነው። በአሜሪካ ያሉ አያቶች ሁሉ በአንድ ፍልሰታ ተነሥተው የ1990ን ሣጥን ጠርገው ቢጥሉ ኖሮ፣ አንዱን የደበቀ ልጅ ኮሌጁን ከነሕንጻው ይገዛው ነበር። ሆኖም ይህ የሚሆን አይመስለኝም፤ ያለው ሰው ሁሉ ሣጥኑን ታቅፎ ተቀምጦ የሚጠብቀው የጎረቤቱ አያት ጽዳት እስክትጀምር ነውና።